ግንቦት መግቢያ ይዘንባል ያልኩበት ዓመት

አስቀድሞ ሰዎቹ ይታወቁልኝ።

ጋሼ ወልደየስ፦ የመቱ የአየር ሁኔታ መመልከቻ ጣቢያ ኃላፊ የነበሩ፣ ሥራውን ከሥሩ ያስተማሩኝ ሰው። በወጣትነታቸው ከሸዋ መጥተው እዚሁ ቀሩ። በበጋም በክረምትም የሱሪያቸውን ጫፍ ወደ ላይ አጥፈው ነው የሚሄዱት።

ጓድ ፍሰሐ፦ የሰፈራው አስተባባሪ። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሸክሜ ይቀልልኝ ነበር።

ዮናስ፦ ከአዲስ አበባ የተላከ ወጣት ባለሙያ፤ ውጭ አገር የተማረ፣ ሲናገር እጁን እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ።

አቶ እንድሪስና ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ፦ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ተርፈው ከወሎ ወደ ኢሉባቦር የመጡ ሰፋሪዎች።

ሌንሳ፦ የመጀመሪያ ልጄ።

ከእነዚህ በኋላ እኔ አለሁ፤ ታደሰ፤ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጥኩ፣ የቀረውን ከወዳደቀ መጽሐፍ የለቀምኩ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሰማይን ውኃ ስለካ የኖርኩ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ ስብሰባ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። መቱ ውስጥ ስለ አየር ንብረት ውይይት አለ ተባለና የድሮ ሠራተኛ ነው ብለው ጠሩኝ። አንዲት ወጣት ባለሙያ ግድግዳው ላይ መስመሮች አሳየችን። ሞዴል የሚባሉት ስሌቶች የኢሉባቦር ዝናብ ወደፊት ምን እንደሚሆን የሚናገሩትን ነው የሚያሳዩት አለች። አንዱ መስመር ወደ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሌላው መሃል ላይ ይዋልላል። የያዮ የጫካ ቡና ምን ይሆናል፣ ማሩስ፣ ወንዙስ እያለች ትናገር ጀመር። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ ኃላፊ እጃቸውን አነሱ።

«የኔ እመቤት፣ እኛ እቅድ ልናወጣ ነው የመጣነው። ከነዚህ መስመሮች ትክክለኛው የቱ ነው? አንዱን ንገሪን።»

ልጅቷ ወደ መስመሮቹ ዞረች፣ ወደ ሰውዬው ዞረች። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ አያታለሁ። ያቺ ልጅ የቆመችበት ቦታ ላይ እኔም አንድ ጊዜ ቆሜ ነበር።

ወደ ጣቢያው የገባሁት ሣር አጫጅ ሆኜ ነው። የዝናብ መለኪያው ዙሪያ ሣሩ ካደገ ጠብታ ይነጥርና ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አጭር መሆን አለበት። ጋሼ ወልደየስ ሳጭድ ያዩኝና «ደህና ታጭዳለህ፤ ግን ለምን እንደምታጭድ ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁኝ። አላወቅሁም። ነገሩኝ። የማደርገው ነገር ምክንያት እንዳለው ሰው ሲነግረኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ሒሳብ መማር ጀመርኩ፤ ክፍልፋይ፣ አማካይ፣ ከመቶ። መምህር የለኝም፤ ያልገባኝን እስኪገባኝ ደጋግሜ እጽፈዋለሁ። በኋላ ተመልካች ሆንኩ፤ ደሞዜም ትንሽ ከፍ አለ።

ጋሼ ወልደየስ ሲለኩ ማየት ራሱ ትምህርት ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይወጣሉ። ዝናቡ የተጠራቀመበትን ጣሳ ከተተከለበት ጉድጓድ አንሥተው ውኃውን ወደ መለኪያው መስታወት ሲገለብጡ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። መስታወቱን በሁለት ጣት ከላይ ጫፉ ላይ ያንጠለጥሉታል፤ በመዳፍ ከያዝከው ያጋድላል ይላሉ። ከዚያ አንድ ጉልበታቸውን መሬት ያስነኩና ዓይናቸውን ከውኃው ፊት እኩል ያደርጋሉ። ውኃ በመስታወት ውስጥ ጠርዙ ላይ ከፍ፣ መሃሉ ላይ ዝቅ ይላል፤ የሚነበበው ዝቅ ያለው ነው። ሱሪያቸውን ለምን እንደሚያጥፉ የገባኝ ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጉልበቱ ጭቃ ያልነካውን ተመልካች አላምንም።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው፤ የኔ ነገር ሁሉ የተሰቀለው በእሱ ላይ ነው። ለሰው ቁጥር ሲናገሩ ብቻውን አይናገሩም። የቡና ነጋዴ መጥቶ «ጋሼ፣ ቡናዬን ለማስጣት ፀሐይ መቼ ይወጣ ይሆን?» ሲላቸው «ከማክሰኞ እስከ እሑድ» ይሉታል። ሰውየው «ኧረ አንዱን ቀን ይንገሩኝ» ካለ «አንዱን የሚያውቅ እሱ ፈጣሪ ነው፤ እኔ የማውቀው ከየት እስከ የት እንደሆነ ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ከተማው በዚህ ይቀልድባቸው ነበር። «ጋሼ ወልደየስ ልጅ ሲወለድላቸው ወንድ ነው ሴት ቢባሉ ከወንድ እስከ ሴት ነው አሉ» ይባል ነበር። እኔም እስቅ ነበር። በልቤ ድክመት ይመስለኝ ነበር።

ያዮ ተመደብኩ፣ ከዚያ ሁሩሙ። ያዮ ላይ መለኪያውን ከዛፍ ጥላ የሚርቅ ቦታ ላይ ለማቆም ስንት ቀን ጫካ እንደዞርኩ አልረሳም፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ዛፉ ለብቻው ያዘንባል። ሁሩሙ በገበያ ቀን ሰው አጥሩን ተደግፎ «ዛሬ ቦካው ስንት ነው?» ይለኝ ነበር፤ ዝናቡን ማለቱ ነው። እኔም ደረቴን ነፍቼ እነግረዋለሁ። ጋሼ ወልደየስ ጡረታ ሲወጡ እኔ መቱ ተመልሼ በቦታቸው ተተካሁ።

ቤቴንም እንደ ጣቢያው ነበር የማስተዳድረው። ልጆቼ ጥያቄ ሲጠየቁ አዎ ወይም አይደለም እንዲሉ ነበር የማስገድዳቸው። ሌንሳ አንድ ጊዜ «ፈተናውን ታልፊያለሽ?» ስላት «ምናልባት» አለችኝ።

«በዚህ ቤት ምናልባት የሚባል ነገር የለም» አልኳት።

እናቷ ከወጥ ቤት በኦሮምኛ «ዲሲ» አለችኝ፤ «ተዋት፤ ልጅ ናት።» አልተውኳትም። ልጅቷ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «አልፋለሁ» አለች። ደስ አለኝ። ልጅን ቆራጥ አድርጎ ማሳደግ ማለት ይህ መሰለኝ። በዚያ ዓመት ወደቀች፤ ውጤቷንም ለሁለት ወር ደበቀችኝ። የዋሸችው እኔ ስላስተማርኳት መሆኑ ያኔ አልታየኝም፤ ገረፍኳት።

ከድርቁ ማግስት ሰፋሪዎች መጡ። ከዳሪሙ አልፎ ወደ ቆላው በሚወርደው አገር መንደሮች ተመሠረቱ፤ ስም አልነበራቸውም፤ ቁጥር ነበራቸው። የኛ ታሪክ መንደር ሦስት ነው። ሰፋሪው የመጀመሪያውን ዓመት በእርዳታ እህል ኖረ። ለሁለተኛው ዓመት የበቆሎ ዘር ተመደበለት። ዘሩ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ከጠፋ ሌላ የለም፤ ከበቀለ ደግሞ መንደሩ ራሱን ይችላል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ጥያቄው መቼ ይዘራ የሚል ነው። ቆላው ላይ የዝናብ መለኪያ አልነበረም። ዮናስ የተላከው ለዚህ ነው። የኛን ጣቢያና የሌሎቹን መዝገብ ወስዶ፣ ሙቀቱን፣ አፈሩን ጨምሮ በአንድ ስሌት ውስጥ አስገባው። ሞዴል የሚለውን ቃል ከሥራዬ ጋር ተያይዞ የሰማሁት ከእሱ ነው። ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቀው «በወረቀት ላይ የተሠራ ትንሽ አገር ነው፤ አገሩን ይመስላል፣ አገሩ ግን አይደለም» አለኝ። በወረቀቱ ላይ ብቻ ተቀምጦ አልቀረም፤ ለቀናት ቆላ ወርዶ አፈር ሲቆፍር ሰነበተ፣ ወባ ይዞት ተመለሰ። ስብሰባው ሲደርስ መቱ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር።

ልጠይቀው ሄድኩ። ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል።

«ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ ይናገሩልኝ» አለ። «ዝናቡ ከሚያዝያ መግቢያ እስከ ሰኔ መግቢያ ባለው ጊዜ ይገባል ይበሉ። ዓመታቱ ግን ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ቀድሞ የሚገባበት ዓመት አለ፣ ዘግይቶ የሚገባበት አለ። መሃል ላይ የሚገባበት ከሁሉም ያነሰ ነው። ይህን አደራ።»

«ገብቶኛል» አልኩት።

«አንዱ ወንድምዎ ጎሬ፣ ሌላው ሁሩሙ ቢኖሩ፣ በአማካይ ሁለቱም መሃል ላይ ያለው መቱ ናቸው ብለው መቱ ላይ በር ቢያንኳኩ ማን ይከፍትልዎታል?» ብሎ በዚያ በሚንቀጠቀጥ ከንፈሩ ሳቀ። «ዘሩን ይክፈሉት። ግማሹን በመጀመሪያው ዝናብ፣ ግማሹን ዝናቡ ሲጸና። አንደኛው ቢሞት አንደኛው ይተርፋል። የእኔ ስሌት የሚለው ሌላ ምንም የለም፤ እርግጠኛ ስላልሆንኩ ክፈሉት ነው የሚለው።»

አልገባኝም ነበር ብል ይሻለኝ ነበር። ነገር ግን ሁሉም ገብቶኛል። ያን ዕለት ከሆስፒታሉ ስወጣ ከእኔ በተሻለ የገባው ሰው መቱ ውስጥ አልነበረም።

ስብሰባው ላይ ከየመሥሪያ ቤቱ ሰው ሞልቷል። ጓድ ፍሰሐ ተነሥቶ «ጓድ ታደሰ፣ ዝናቡ መቼ ይገባል?» አለኝ።

«ከሚያዝያ መግቢያ እስከ ሰኔ መግቢያ ባለው…»

ሳቅ ሆነ። አንዱ «የጋሼ ወልደየስ ደቀ መዝሙር» አለ። ጓድ ፍሰሐ አልሳቀም፤ ፊቱ የደከመ ሰው ፊት ነበር።

«ስማኝ ወንድሜ፣ ትራክተሮቹ ለመንደር ሦስት የተመደቡት ለአንድ ሳምንት ነው። ከዚያ ወደ ሌላው መንደር ይሄዳሉ። ሁለት ወር አቁሜ ሰማይ ላይ ላፍጥ? እኔ ከበላይ የምጠየቀው ቀን ነው። ቀን ስጠኝ።»

እውነቱን ነው፤ ትራክተሩን እሱ አልመደበም። የኔ ሥራ ግን ትራክተሩን ማስደሰት አልነበረም። «ትራክተሩ ሁለት ጊዜ ይምጣ፤ ካልሆነም ግማሹን በእጅ ይቆፍሩ» ማለት ነበር። አፌ ላይ ነበር። ነገር ግን የሳቀውን ሰው ፊት አየሁ። አራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ከተማረ ሰው ጋር ተቀምጦ ሲሳቅበት ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ያውቀዋል።

«መካከሉ ግንቦት መግቢያ ነው» አልኩ።

«ግንቦት መግቢያ። ይኸው፤ ሰው እንዲህ ይናገር እንጂ።»

አጨበጨቡልኝ። ተቀመጥኩ። እንደዚያ ቀን ትልቅ ሰው ሆኜ አላውቅም። ማንም የማይከፍተውን በር ያንኳኳሁት በዚያች ሰዓት ነው።

ግንቦት ሲገባ ከጓድ ፍሰሐ ጋር መንደር ሦስት ወረድኩ። የዝናብ ባለሙያ ብሎ አስተዋወቀኝ። ሰማዩ ከብዷል፤ ከቀናት በፊትም ካፊያ ነበር። ትራክተሩ መሬቱን ገልብጦታል፤ ዘሩ በጣሳ እየተለካ ለየቤተሰቡ ይታደላል፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይዘራል። አቶ እንድሪስ ከሰልፉ ወጣ ብለው ቀረቡኝ።

«ጌታዬ፣ ያሉት ይሁን። እኛ አገር ግን ዘርን በአንድ ቀን አንጨርስም። ዝናብ የሚያታልልበት ጊዜ አለ። ግማሹ ቢቀመጥስ?»

ጓድ ፍሰሐ ወደ እኔ አመለከተ። «ባለሙያው አለ፤ እሱን ጠይቁ።»

ዮናስ የነገረኝን፣ ጋሼ ወልደየስ ዕድሜ ልካቸውን የነገሩኝን ነገር እኒህ ሰው በሜዳ ላይ እየነገሩኝ ነው። «የተቀመጠ ዘር የአይጥ ቀለብ ነው» አልኳቸው። «ጊዜው ዛሬ ነው። በስሌት ተረጋግጧል።»

አቶ እንድሪስ ሰማዩን ቀና ብለው አዩ። «እንግዲህ ዝናቡም ስብሰባ ገብቶ ተስማምቷል ማለት ነው» አሉ። ሰልፉ ውስጥ ያሉ ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁ።

ከሚስቁት ውስጥ እትዬ ዘሀራን አየኋቸው። የሻሻቸው ጫፍ ተቋጥሯል፤ ቋጠሮውም ከብዷል። ወደ እርሻው ሳይወርዱ ወደ ጎጇቸው ማዝገም ጀመሩ። ተከተልኳቸው።

«እትዬ፣ እዚያ ውስጥ ምንድን ነው?»

«ዘር ነው፣ ልጄ።»

«ለምን አይዘራም?»

«ለምናልባቱ ነው» አሉኝ።

ያቺን ቃል እዚያ መስማቴ እንደ ድፍረት ታየኝ። ሰው በተሰበሰበበት ድምፄን ከፍ አድርጌ «ይህ የጋራ ዘር ነው። ከጋራ ላይ ቆንጥሮ መደበቅ ስርቆት ነው። ልጆች እያዩዎት ነው» አልኳቸው። ጓድ ፍሰሐ እንኳን «ተዋቸው ጓድ ታደሰ፣ እፍኝ ናት» አለኝ። አልተውኩም። እትዬ ዘሀራ አልተከራከሩም። ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱትና ዘሩን ቆሎ እንደሚያፈስ ሰው ቀስ አድርገው ወደ ጣሳው መለሱት። አቶ እንድሪስ ቆመው ያዩ ነበር፤ ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ወደ መቱ ስመለስ ለሌንሳና ለወንድሞቿ ስለ ታማኝነት ነገርኳቸው። ያችን ሴት ምሳሌ አድርጌ ነው የነገርኳቸው።

ዝናቡ መጣ። ሳምንት ያህል ጥሩ ዘነበ፤ በቆሎውም በቀለ። ጓድ ፍሰሐ ጣቢያው ድረስ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው፤ መቱ ላይ መዝነቡን ቀጠለ። በየጠዋቱ ጉልበቴን አስነክቼ ስለካ ጣሳው ባዶ ሆኖ አያውቅም። ከመንደር ሦስት አንድ ሰው በእግሩ ዳሪሙ ደርሶ፣ ከዚያ በጭነት መኪና መጥቶ «ጌታዬ፣ ደርቋል፤ ቅጠሉ ተጠቀለለ» ሲለኝ የቆርቆሮው ጣሪያ በዝናብ ይንጫጫ ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የነገረኝ።

«እዚህ እኮ እየዘነበ ነው» አልኩት።

ሰውየው ጣሪያውን አየ፣ እኔን አየ። «እዚህማ ይዘንባል» አለና ሄደ።

አላመንኩትም። ጣሳዬ ሞልቶ ሳለ የቆላው ሰው ደርቋል ሲል ሰነፍ ሆኖ ነው አልኩ። የለካሁት ቦታና ያወራሁለት ቦታ ሌላ ሌላ መሆኑን ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው እንኳን ያውቀዋል። ልቤን የሚያቆስለው ይህ ነው፤ መሣሪያው አልተሳሳተም፣ ስሌቱም አልተሳሳተም። ሁለቱም የሚያውቁትን ያህል ብቻ ተናግረው ነበር። ያላወቁትን የጨመርኩበት እኔ ነኝ።

በመጨረሻ ወረድኩ። በቆሎው ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ቅጠሉ እንደ ሲጋራ ወረቀት ተጠቅልሏል። ስነካው እጄ ላይ ተሰባበረ። ሴቶች መስመሩን እየተከተሉ በጣታቸው ይቆፍራሉ፤ ሳይበቅል የቀረ ፍሬ ይፈልጋሉ። እትዬ ዘሀራም ነበሩ። ቀና ብለው አዩኝና «ደህና ሰነበቱ?» አሉኝ። ሰላምታ ብቻ። ቢሰድቡኝ እቆም ነበር፤ ሰላምታውን ግን አልቻልኩትም፤ ወደ መኪናው ተመለስኩ።

ሰኔ ሲገባ የጸናው ዝናብ ቆላውም ገባ፤ ዮናስ እንዳለው ዘግይቶ የሚገባበት ዓመት ነበር። የሚዘራ ዘር የለም። የእርዳታ እህል ተጠየቀ፤ መጣም፤ ነገር ግን ያው ዝናብ መንገዱን ጭቃ አድርጎት ስለነበር ከዳሪሙ ወዲያ መኪኖቹ ተቀረቀሩ። ሰው በትከሻው እያጋዘ ትንሽ ትንሽ አደረሰ። ወባው ደግሞ በዚያው ሰሞን ተነሣ። አቅም የነበራቸው መንደሩን ጥለው ወጡ፤ በየቡና ማሳው ለቀማ ፍለጋ፣ አንዳንዶቹም ወደ ወሎ እንሄዳለን ብለው በእግር። አቅም ያልነበራቸው ቀሩ።

ዮናስ ከወባው ድኖ ሲመለስ ጣቢያው መጣ። «ጋሽ ታደሰ፣ ከየት እስከ የት እንደሆነ ነግረዋቸው ነበር አይደል?» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ክስ አልነበረም።

«ነግሬያቸዋለሁ» አልኩት። ዓረፍተ ነገሩን ጀምሬው ነበርና።

አመነኝ። እንግዲያው ያልሰሙን እነሱ ናቸው ብሎ አዘነ። ከዚያ በኋላ በየስብሰባው «የመቱ ሰዎች እየተነገራቸው እንኳን አልሰሙም» ሲል እሰማው ነበር። ጓድ ፍሰሐ ደግሞ ለበላይ የተፈጥሮ አደጋ ነው ብሎ አሳወቀ፤ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። እንዲያውም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከዚያ በኋላ ቀን ሲፈልጉ ወደ እኔ ነበር የሚመጡት፤ ጥርት አድርጎ ይናገራል እየተባለ።

ጋሼ ወልደየስ ከገበያው በታች ባለው ቤታቸው አልጋ ይዘው ነበር። ሄድኩ። ወሬው ደርሷቸዋል። ትራስ አስደግፌ አስቀመጥኳቸው።

«መቼ አልካቸው?» አሉኝ።

«ግንቦት መግቢያ።»

«እስከ?»

ትራሱን አስተካከልኩላቸው።

«እስከ?» አሉኝ ደግመው፤ መልሱን የረሳ ተማሪን እንደሚያስታውስ ሰው። መልስ አለመኖሩን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች አወራን። ስለ ዝናብ ግን አንድም ቀን አላነሡልኝም። እስኪሞቱ ድረስ።

አቶ እንድሪስን በሌላው ዓመት መቱ ገበያ ላይ አገኘኋቸው፤ ማር ይሸጣሉ። ጥግ ይዤ ልሸሽ አስቤ ነበር፤ ጠሩኝ።

«ዘሀራ አረፈች» አሉኝ። «ነሐሴ ላይ።»

«በወባው ነው?» አልኳቸው። ለመዳን የጠየቅሁት መሆኑን እሳቸውም አውቀዋል።

«ወባው ሁላችንንም ይዞን ነበር። የበላ ተነሣ» አሉ። ከዚያ የማሩን እንስራ ሸፈኑት። «ስለዚያች ቋጠሮ አስብና፣ እፍኝ በቆሎ መንደር አያድንም እላለሁ። ከዚያ ደግሞ፣ መንደር ባያድን እሷን ያቆያት ነበር ወይ እላለሁ። አላውቅም። እርስዎ ባለሙያ ነዎት፤ ያውቁ ይሆን?»

ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ያረጀሁት።

አሁን ወደዚያ ስብሰባ ልመለስ። ወጣቷ ባለሙያ ገና መስመሮቹን እያየች ሳለ ኃላፊው «እሺ፣ የመካከለኛውን እንውሰድ» አሉ። ልጅቷ አንገቷን በእሺታ ልትነቀንቅ ስትል ተነሣሁ።  መስመሮቹ አለመስማማታቸው የሥራዋ ጉድለት አይደለም፤ ምክሯ ራሱ እሱ ነው አልኩ። መስመሮቹ ካልተስማሙ ዘሩን ክፈሉት ማለት ነው፤ የቡናውን ችግኝ በአንድ ዓይነት አፈርና በአንድ ከፍታ ላይ አትከምሩት፣ እህሉን ጭቃ ሳይመጣ ከወንዙ ማዶ አድርሱት፣ ትራክተሩ ሁለት ጊዜ ይምጣ ማለት ነው አልኩ። አላወቅንም ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥም አይደለም፤ ያ ሌላው ስንፍና ነው። ኃላፊው «አባት፣ እርስዎ በዘመንዎ እንዲህ ያደርጉ ነበር?» አሉኝ።

ስለ መንደር ሦስት ነገርኳቸው። ይህን የጻፍኩትን ሁሉ፣ ከሻሽ ቋጠሮው ጋር። ሌንሳ እዚያ ነበረች፤ አሁን አስተማሪ ናት፤ እኔን ልታደርስ መጥታ ነው። ስንወጣ በሩ ላይ «አባ፣ ያቺን ሴትዮ እኮ ሌባ ናት ብለህ ነበር ያሳደግኸን» አለችኝ። ይቅርታ ታደርጊልኛለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ምናልባት» አለች። በዚያች ቃል አልተቆጣሁም። ልጄ እውነቱን ስትነግረኝ ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ አላውቅም።

ልጆቼም፣ ይህን የምታነቡ ተመልካቾችም፣ የምታውቁትን ስትናገሩ ከየት እስከ የት እንደሆነ ሳትናገሩ አትቀመጡ። ቢሳቅባችሁም። ያጠፋሁትን ሒሳብ በጋሼ ወልደየስ መንገድ እዘጋለሁ፤ ያኔ ማድረግ የነበረብኝ ይህ ነውና።

የመንደር ሦስት ዘር፦ ሁሉም፤ እዚህ ላይ እስከ የለውም። መንደሩን ጥሎ የሄደ ቤተሰብ፦ ከሩቡ እስከ ግማሹ፤ የቆጠረ የለም። አቶ እንድሪስ በእኔ ላይ የነበራቸው እምነት፣ የጋሼ ወልደየስ የዝናብ ወሬ፣ የሌንሳ እውነተኛ መልስ፦ ያጣሁት ከአንድ ቀን እስከ ዕድሜ ልክ። በዚያ ክረምት ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ አሥራ አንድ መቃብር ተቆፍሯል። ከእነዚህ ውስጥ የኔ ቃል የቆፈራቸው፦ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ።

ከአንድ አያንስም። አንዷ እትዬ ዘሀራ ናቸው።